የታላቁ ወንድም ቦታ

ከአባቱ ወይም ከእናቱ፥ ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ተጣልቶ የተለየ ሰው ኀዘኑን በሥዕል ቢሥለው፥ በዜማ ቢያዜመው፥ በድርሰት ቢጽፈው የሚነቅፈው የለም፤ ሰው የቈሰለበትን ይናገራልና። ነገር ግን በዚህ ዘመን አንድ ክፉ ልማድ ገብቷል፤ ይኸውም ጥበበኛው የራሱን እንባ አስፍቶ እያሳየ፥ የተጣላውን ዘመዱን ያለ ፊትና ያለ ቃል መተው ነው። ተመልካቹ ያለቅሳል፥ ያጨበጭባል፤ ሥራውም የዕርቅ ናፍቆት ይባላል። ይህ ግን አንዱ ወገን ብቻ የተሰማበት ክስ ነው። በሸንጎ እንኳ ከሳሽ ሲጨርስ ተከሳሽ ይጠየቃል። አባት ግን ልጁ በአደባባይ ያዜመበትን ከጎረቤት ይሰማል እንጂ፥ መልስ የሚሰጥበት መድረክ የለውም። ሊታረቅ አስቦ እንደ ሆነም ኀፍረት በሩን ይዘጋበታል።

የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በዚህ ነገር ደጋግሞ ደክሟል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓ.ም. ገና የ30 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ የጠፋውን ልጅ መመለስ በመዳብ ላይ ቀርጾ በወረቀት አተመው። በዚያ ሥራ የልጁ ፊት ይታያል፤ ጭንቀቱም ይነበብበታል። በ1669 ዓ.ም. ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሣለውና ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር በሚገኘው ትልቅ ሥዕል ግን፥ ልጁ ፊቱን በአባቱ ደረት ሸሽጓል። ብርሃኑ የወረደው በሽማግሌው ፊትና በልጁ ጀርባ ላይ ባረፉት ሁለት እጆች ነው። ከልጁ የሚታየው የተላጨ ራሱ፥ ያረጀ ልብሱና ከግራ እግሩ የወለቀው ጫማ ነው።

በስተ ቀኝም አንድ ሰው እጆቹን አነባብሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ብዙዎች ታላቁ ወንድም ነው ይሉታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፥ ታላቁ ወንድም በዚያች ሰዓት በእርሻ ነበረ፤ ሠዓሊው ግን አምጥቶ አቆመው። በቤት ቀርቶ የደከመው ሰውም ልቡ ቈስሏልና፥ እርሱን የረሳ ዕርቅ ጎደሎ ነው። ወንጌሉ ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ እንዳልነገረ ሁሉ፥ ሠዓሊውም በግድ ፈገግ አላሰኘውም።

አንዳንዶች፦ «ከጭካኔ ያመለጠ ልጅ ለበደለው ለምን ቦታ ይሰጣል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ተመለስ ብሎ ማስገደድ ግፍ ነው። ቢሆንም ቦታ መስጠት ማለት በደልን መሸፈን አይደለም፤ በዳዩን በሙሉ ሰውነቱ ማሳየት ነው። መልክ የሌለው በዳይ ለሚያየው ሰው ተረት ይመስለዋል።

በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ፥ ወርቁ ወዴት አለ ተብሎ ይጠየቃል። የዚህ ነገር ሰሙ የአኵራፊው እንባ ነው፤ ወርቁም በበሩ ማዶ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ናፍቆቱን የሚሥል ሁሉ ራሱን ይመርምር፤ የተጣላው ዘመዱ መጥቶ ከሥራው ፊት ቢቆም፥ ይህ እኔ ነኝ የሚልበት ስፍራ ያገኛልን? ካላገኘ፥ ሥራው ገና አላለቀም።