የጣና ማዕበል የወለደው አቋቋም በቪዲዮ ቁራጭ አይተርፍም

አለቃ ገብረ ሐና ሲነሱ ሁሉም የሚያስታውሰው ቀልዳቸውን ነው። የፎገራው ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ የአቋቋም ስልት ማፍለቃቸውን ግን ስንቱ ያውቃል? በትውፊት እንደሚነገረው፣ እንቅስቃሴውን የቀዱት ከጣና ማዕበልና በዳርቻው ነፋስ ከሚያወዛውዘው ሸምበቆ ነው። የጎንደር ካህናት ግን አልተቀበሏቸውም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ፤ ከዚያ አገር አዳረሰ። ዛሬ «ተክሌ አቋቋም» የሚባለው ይኸው ነው።

ይህን ሀብት ዛሬ ሁለት ወገኖች እየጎዱት ነው።

አንደኛው «አቋቋም ያው አቋቋም ነው» ባይ ነው። ከዚህም ከዚያም የተቆራረጠ ቪዲዮ በስልኩ አይቶ፣ የጎንደሩን ላይ ቤትና ታች ቤት ከተክሌ ጋር ቀላቅሎ ወረብ ያቀርባል። አቋቋም ግን ከቁም እስከ ዝማሜ፣ ከመረግድ እስከ ጽፋትና ወረብ የራሱ ሥርዓት አለው። መቋሚያው መቼ እንደሚነሳ፣ ጸናጽሉ የት ላይ እንደሚመታ በማየት ብቻ አይያዝም። ስህተቱን እዚያው የሚያርም የኔታ ይፈልጋል፤ ዓመታትም ይፈጃል።

ሁለተኛው «ከእኛ ቤት በቀር ትክክል የለም» ባይ ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ ተክሌም በጊዜው እንግዳ ነበር።

የቻይናው ታይ ቺ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንግ ሉቻን ከቼን ቤተሰብ መንደር ተምሮ ቤጂንግ ወሰደው። ዛሬ ቼን፣ ያንግ፣ ዉ፣ ሱን እየተባለ በየስልቱ ይጠራል። በ1956 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለሕዝቡ ከያንግ ስልት የተቀዳ፣ 24 እንቅስቃሴ ያለው አጭር ቅርጽ አወጣ። ነባሮቹ ስልቶች ግን በየመምህራኑ ዘንድ መሰጠታቸው አልቀረም። ዩኔስኮ ታይ ቺን በ2020 እ.ኤ.አ. መዘገበ። ጥምቀት ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ተመዝግቧል። በጥምቀት አደባባይ የሚታየው ግን ፍሬው ነው፤ ሥሩ ያለው ጉባኤ ቤት ነው።

ያ ሥር ዛሬ አደጋ ላይ ነው። የአብነት ተማሪ ዕውቀት ፍለጋ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ የሚዞር፣ በገበሬው ቁራሽ የሚያድር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ያንን መንገድ አስፈሪ አድርጎታል። ገበሬው ራሱ ሲቸገር ለአኩፋዳ የሚተርፍ ከየት ይመጣል?

«ዘመናትን ተሻግሯል፣ አሁንም ይሻገራል» የሚሉ አሉ። የተሻገረው ግን በራሱ አይደለም፤ መምህሩን የሚያስጠጋ ደብር፣ ተማሪውን የሚያበላ መንደር ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነው። አህጉረ ስብከቱ ለአቋቋም መምህራን ቋሚ ደመወዝ፣ ለተማሪዎቹ ቀለብ ይመድብ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሊቃውንቱ ጋር ሆኖ እያንዳንዱን ስልት ለብቻው፣ በመምህሩ ስምና ፈቃድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቅረጽ። የከተማው ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቱን ከስልኩ አንስተው ወደ መሪጌታው ይላኩ። በየበዓሉ ቪዲዮ የሚያጋራውም፣ ከማጋራቱ በፊት «ይህ የየትኛው ቤት ነው? መምህሩስ ምን በልተው ያድራሉ?» ብሎ ይጠይቅ።