ነጻ ቻርጅ ያለው አሮጌ ቴስላ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ይገዛ
(ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ተከራይ)

የምኖረው አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋራዥ ያላቸው ማታ ሰክተው ይተኛሉ፤ እኔ ከበረንዳ ገመድ አልጥል ነገር። ለኔ ቢጤ የኤሌክትሪክ መኪና ማለት መንገድ ላይ በውድ ቻርጅ ማድረግ ነው። ቴስላ ደግሞ ከጃንዋሪ 15 ቀን 2017 በፊት ለታዘዙ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖች በራሱ ፈጣን መሙያ ጣቢያ፣ በሱፐርቻርጀር፣ ዕድሜ ልክ በነጻ የመሙላት መብት ሰጥቶ ነበር። መብቱ የመኪናው እንጂ የሰውየው ስላልሆነ፣ ከግለሰብ ሲገዛ አብሮ ይመጣል።

ለሠፈር ብቻ አይምሰላችሁ። በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር በየዓመቱ ከተማ ይቀያይራል። አትላንታ ሲሆን ከዚህ 640 ማይል ገደማ ነው። ቤተሰቤን አሳፍሬ፣ ድፎ ዳቦዬን ጭኜ፣ ደርሼ እስክመለስ ለቤንዚንም ለቻርጅም አንዲት ሳንቲም አላወጣም። እስኪሞላ ልጆቹ ሽንት ቤት ደርሰው ይመጣሉ፤ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ መቆሙ መቼም አይቀርለት።

ይቅር
(ታክስ የምትሠራ የሂሳብ ባለሙያ)

ወንድሜ በድፎ ዳቦው አልከራከረውም። ግን ቢሮዬ መጥተው ስለዚህ መኪና የሚጠይቁኝ ኳስ ሊያዩበት ሳይሆን ኡበር ሊሠሩበት ነው። ቴስላ ከዲሴምበር 15 ቀን 2017 በኋላ የተገዛ መኪና፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ለታክሲና ለኡበር ሥራ በሱፐርቻርጀር እንዳይሞላ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። መኪናው የ2015 ይሁን እንጂ እናንተ የገዛችሁት ዛሬ ነው።

ባትሪውስ? ዋራንቲው 8 ዓመት ነበር፤ ለነዚህ መኪኖች አልቋል። ማስቀየሪያው ከ10 ሺህ ዶላር ያልፋል። እስቲ እናስላው፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 40 ሳንቲም ብትከፍሉ እንኳ 10 ሺህ ዶላር 25 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይገዛል፣ ወደ 75 ሺህ ማይል ያስነዳል። አንድ ባትሪ ሲሞት የዚያን ሁሉ መንገድ ቻርጅ ይዞ ይሄዳል።

መብቱም ቢሆን ቴስላ መዝገብ ላይ ያለ ነገር እንጂ መኪናው ላይ የተገጠመ ዕቃ አይደለም። መኪናው በመሃል ለቴስላ ተመልሶ ከነበረ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ የዲለሩ ማስታወቂያ ግን አሁንም “ነጻ” ይላል። ደግሞ ሞልቶ ሳይነቀል የሚቆም መኪና፣ ነጻ የተባለውም ቢሆን፣ በደቂቃ ሊከፍል ይችላል።

የተከራዩ መልስ

ኡበሩን ለእህቴ ትቼላታለሁ፤ በሱ ረትታኛለች። ባትሪውም ያስፈራል። ስለዚህ ያለ ነጻ ቻርጁም ዋጋው የሚያዋጣችሁን መኪና ብቻ ፈልጉ። ገንዘብ ከእጃችሁ ሳይወጣ ሻጩ ፊታችሁ የቴስላን አፕ ከፍቶ መብቱን ያሳያችሁ፤ ከዚያ አብራችሁት ሱፐርቻርጀር ድረስ ሂዱና ሰክታችሁ እዩ። “ስልኬን ቤት ረስቻለሁ” ካለ ደህና ዋል በሉት።