«ኮምፒውተር ሙዚቃችንን ገደለው» ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቢት ሠሪ ልጆች የለጠፍኳት አጭር ጽሑፍ ሥር የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። አብዛኛው ስድብ አይደለም፣ ተመስገን ነው። ግን አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው የጻፏትን ብዙ ሰው ወዶላቸዋል፦ «ላፕቶፕ ላይ ተጎልቶ የሚውል ልጅ ሙዚቀኛ አይባልም። ሙዚቃችንን የገደለው ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው።» ጋሼ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አልስማማም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሁለት ስሞች ልጥራ። ሚካኤል ሰይፉ እና እንደገና ሙሉ። እንደገና የሚሠራው «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ነው። ካላወቃችኋቸው አትሸማቀቁ፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ የኔም ጭቅጭቅ እሱው ነው። ባንድ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ነው ያሳተሙት። ግን ሁለቱም በአንድ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ተነሱ፣ ድምፁም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ተባለ። ሚካኤል ኒው ጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምሮ አገሩ ተመለሰ (ስንቱ ሄዶ በቀረበት ዘመን!)። እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን 1432 አር የሚባል ትንሽ የዋሽንግተን አሳታሚ አወጣለት፤ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን የኒውዮርኩ አርቪኤንጂ። እንደገናም ሥራዎቹን በዚያው በዋሽንግተኑ አሳታሚ በኩል አውጥቷል። የውጭ የሙዚቃ መጽሔቶች ጻፉላቸው። በሸክላ ታተሙ። በሸክላ! እኛ ሰፈር የሸክላ ማጫወቻ ያለው ማነው? ርዕሱ አማርኛ፣ መሰንቆው የኛ፣ ገዢው ብሩክሊን።

«የፈረንጅ ነገር» ለሚለው መልሴ ውስጡን ስሙት ነው። ክራር አለ፣ መሰንቆ አለ፣ የአዝማሪ ጉሮሮ አለ። ደግሞ ላፕቶፕ ብቻውን ምንም አይሠራም። ፕሮግራሙ ሲከፈት በአራት አራት ምት ተሰልቶ፣ ድምፁም በፒያኖ ቁልፍ ልክ ተቆራርጦ ነው የሚቀርብልህ። የኛ ችክችካ የሚሄደው በስድስት ነው። የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ደግሞ አንዳንዴ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ያርፋል። ያንን ድምፅ ሳያበላሹ ለማስገባት ማሽኑን መታገል ያስፈልጋል። አንቺሆዬን ከባቲ የማይለይ ጆሮ ይህን አይሠራም። «ቁልፍ መጫን ነው» የምትሉ አንድ ቀን ሞክሩት።

አሁን ወደ «ገደለው» እንምጣ። ባንዶቻችንን ያዳከመው ላፕቶፕ ሳይፈጠር በፊት የነበረው የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነው። ሰው ማታ መውጣት ሲያቅተው ማን ለማን ይጫወታል? ከዚያ ኪቦርድ መጣ። ጋሼ፣ የኔ ትውልድ ወላጆች ሰርግ ላይ ድራሙም፣ ቤዙም፣ ትራምፔቱም ከአንድ ኪቦርድ ሲወጣ እስክስታ የወረደው ማነው? ያኔ «ይሄ ኤሌክትሮኒክ ነው» ብሎ ከዳሱ የወጣ ሰው አልሰማሁም። የአበጋዝ ክብረወርቅን፣ የነፍሱን ይማረውና የኤልያስ መልካን ቅንብሮች የምትወዱ ሰዎችም፣ ስቱዲዮው ውስጥ ኮምፒውተር እንደነበረ ልብ በሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ቀዳ። ካሴት ሆኖ ወጣ። ከዚያ ዝም። ሰውየው ዳላስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ኃይሉም በስተርጅና የዓለምን መድረክ መዞር ጀመረ። ካሴቱን የት አገኘው? ባሕር ዳር! ካሴቱ ባሕር ዳር ተቀምጦ ነበር፣ እኛም እዚሁ ተቀምጠን ነበር።

«ሮፍናንስ? ተሳክቶለት የለ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. «ነጸብራቅ» ሲወጣ አገሩ ሁሉ ጨፈረ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሮፍናን ይዘፍናል፣ ግጥም አለው። የኛ ጆሮ ግጥም ካልያዘ አያርፍም። ቅኔ ወዳድ ሕዝብ ነን፣ ምንም አይደል። ችግሩ ግጥም የሌለውን ሙዚቃ እንዳላለቀ ሥራ መቁጠራችን ነው። ራዲዮ ላይ ቦታው የት ነው? ከዜናው በፊት፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ ጋዜጠኛው እያወራበት።

ይሄ ሁሉ ለምን አስጨነቀኝ? አንድ ሱሉልታ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ አያቱ ወተት ሲንጡ የቅሉን ምት በስልኩ ቀድቶ፣ ከበሮ ደርቦበት፣ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ሥራ ላከልኝ። አያቱ በመሀል በኦሮምኛ ያንጎራጉራሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ያላስቀመጠው ሥራ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ቤተሰቡ «ጌም ሱስ ሆኖበታል» ይላሉ። አንድ ስቱዲዮ ይዞ ሄዶ «ዘፋኝ ፈልግና ግጥም ጨምርበት» አሉት። አሁን ላፕቶፑን ሸጦ ባጃጅ ለመግዛት ዕቁብ ገብቷል። በባጃጅ መሥራት ነውር የለውም፤ ኃይሉም ታክሲ ነድቷል። እኔ የማልፈልገው አንድ ፈረንጅ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሱሉልታ መጥቶ ፋይሉን እስኪያገኘው መጠበቅ ነው።

እንዲህ ያሉ ልጆች ሰበታም ቡራዩም አሉ፣ አውቃቸዋለሁ። ከተሞቻችን ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፣ የሙዚቃ ምሽት ግን አሁንም መሀል አዲስ አበባ ነው። ፕሮግራሙ ሲሞቅ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ታክሲ አለቀ። ትምህርት ቤትም ብትሉ የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባለው ትምህርት 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ እኛ ጋ 9ኛ ሲገቡ የሙዚቃን ስም የሚያነሳ ክፍለ ጊዜ የለም።

ግን ሚኒ ሚዲያ አለን አይደል? በየትምህርት ቤቱ ሚክሰርና ስፒከር አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይና እረፍት ሰዓት ሠርቶ ከዚያ ይቆለፍበታል። መምህራን ጓደኞቼ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ቁልፉን ለነዚህ ልጆች ስጡ። የሚሰበር ነገር ካለ ከደመወዜ ይቆረጥ (ደመወዜን የምታውቁ አትሳቁ)። የሱሉልታው ልጅ ከፈቀደልኝ የላከውን ሥራ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ጋሼ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ፦ «ዘላለም»ን ዩቲዩብ ላይ ፈልገው፣ ደህና ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ይስሙትና ኮመንት ላይ እንገናኝ።