ሊቆረጥ የማይችል ፊልም

ፊልም ኤዲት ማድረግ እንጀራዬ ነው። አንድ ትዕይንት ወጥቶ ታሪኩ ምንም ካልጎደለው፣ ያ ትዕይንት ቀድሞውኑ ከታሪኩ ጋር አልተሰፋም ማለት ነው።

ሆሊውድ ይህን እያወቀ ለክፋት ተጠቅሞበታል። ጥቁሯ ዘፋኝ ሊና ሆርን እ.ኤ.አ. በ1942 ከፊልም ኩባንያው ኤም ጂ ኤም ጋር ብትፈራረምም፣ በነጮቹ ፊልሞች ውስጥ በአብዛኛው ብቻዋን ቆማ እንድትዘፍን ነበር የሚደረገው። ዘፈኗ ሲያልቅ ታሪኩ ስሟን ሳያነሳ ይቀጥላል። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ያለ ችግር ቆርጠው እንዲጥሏት ታስቦ ነው።

በ1943 የወጣውን «ስቶርሚ ዌዘር»ን የምወደው ለዚህ ነው። ተዋናዮቹ በሙሉ ጥቁሮች ናቸው፤ ሊናም ዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ ናት። እሷን ካወጣችኋት ፊልም አይቀርም። ፋትስ ዎለር ፒያኖውን ይጫወታል፤ ካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራውን ይመራል፤ ዕድሜው ከ60 ያለፈው ቢል ሮቢንሰን ታፕ ይደንሳል። ከዚያ ወንድማማቾቹ ፋያርድና ሃሮልድ ኒኮላስ ይመጣሉ። አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየዘለለ ሰፋፊ ደረጃዎችን ይወርዳሉ፤ ባረፉ ቁጥር እግራቸው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ወለሉን ይነካል። ካሜራው ራቅ ብሎ ሙሉ ሰውነታቸውን ያሳየናል። እኔም ብሆን መቀሴን አላነሳም ነበር።

እንዲህ ያሉ ጥቁሮች ብቻ የተወኑባቸው ፊልሞች የዘር መድልዎ ውጤት ስለሆኑ ይቅሩ የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። በዚሁ «ስቶርሚ ዌዘር» ጥቁር ኮሜዲያን ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው ይቀልዳሉ። በ1954ቱ «ካርመን ጆንስ» ደግሞ ዶረቲ ዳንድሪጅ ለምርጥ መሪ ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ራሷ ዘፋኝ ሆና ሳለ ግን በፊልሙ የሚዘፍነው የነጯ ማሪሊን ሆርን ድምፅ ነው። ፊቷን ይዘው ድምፅዋን ቆረጡት።

ነገር ግን ፊልሞቹን ብንተዋቸው የድሮውን መቀስ እኛ አነሳነው ማለት ነው። የፊልም አስተማሪዎቻችንን የምለምነው ሙሉውን፣ ከነነውሩ እንዲያሳዩ ነው። መጀመሪያ የደረጃውን ጭፈራ፣ ቀጥሎ ሊና በነጮቹ ፊልም ብቻዋን የምትዘፍንበትን ያሳዩ። የት እንደሚቆረጥ ተማሪው ሳይነገረው ያገኘዋል።