ቤት ከመግዛት በፊት የጋራውን መመርመር ይገባል

ሰው ለብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ቤት ለመግዛት ባሰበ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የክፍሎቹን ብዛት፥ የወለሉን ንጣፍና የግድግዳውን ቀለም ነው። ደላላውም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እኛ ግን በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ከበሩ ውጭ ያለውን፥ ይኸውም የውሃውን ማጠራቀሚያ፥ የፍሳሹን ጉድጓድ፥ የቆሻሻውን ማከማቻና የጋራ መገልገያውን ቤት ነው እንላለን። ቀለም በማናቸውም ጊዜ ይታደሳል፤ የብዙ ቤተ ሰብ ፍሳሽ የሚወርድበትን ጉድጓድ ግን አንድ ባለቤት ብቻውን ሊያሻሽለው አይችልም።

ነገሩ በሕግም የታወቀ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤቱ ክልል ውጭ ያለውን የሕንፃውን ክፍል የቤት ባለቤቶች የጋራ ሀብት አድርጎ፥ ለአያያዙ የሚያስፈልገውንም ወጪ እንዲያዋጡ ደንግጓል። እንግዲህ ገዢው ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ የቤቱን ቁልፍ በተቀበለበት ቀን የፍሳሹም ጉድጓድ ባለ ድርሻ ይሆናል።

የጋራ የሆነ ነገር ምን ያህል ጤናን እንደሚነካ አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። በ1854 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ፥ በብሮድ ስትሪት አካባቢ የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤተ ሰብ እየጠየቀ ቢመረምር፥ አብዛኞቹ ውሃ የሚቀዱት በመንገዱ ላይ ከነበረው ከአንድ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። በኋላም የፓምፑ ጉድጓድ አጠገብ ካለ የቆሻሻ ጉድጓድ ፍሳሽ ይሰርግበት እንደ ነበር ታወቀ። የየቤታቸው ንጽሕና ከጋራው ውሃ ሊያድናቸው አልቻለም።

በአገራችንም ገዢው የመጀመሪያ ጥያቄውን በውሃ ይጀምር። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ፥ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና በተለምዶ ሮቶ የሚባለው ማጠራቀሚያ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቅ። ለምሳሌ 25 ቤተ ሰብ፥ በየቤቱም 5 ሰው ቢኖር 125 ሰው ይሆናል። 10,000 ሊትር ውሃ ለእነዚህ ሲከፈል ለአንድ ሰው 80 ሊትር ይደርሰዋል፤ ውሃው በ3 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን የቀኑ ድርሻ 27 ሊትር አይሞላም። ከዚህ ላይ ለምግብ፥ ለገላ፥ ለልብስና ለሽንት ቤት ሲወጣ ምን ይተርፋል? ውሃ ባጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀረው እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ የሕፃናት ተቅማጥ ይመጣል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው መከደኑን፥ መቼና በማን እንደሚታጠብም ማወቅ፥ ጧት ሁሉም ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፍሳሹ ነው። ገዢው ወደ ሕንፃው ጓሮ ዞሮ የጉድጓዱ ክዳን የተዘጋ መሆኑን፥ የመምጠጫ መኪናም እስከዚያ የሚደርስበት መንገድ መኖሩን ይመልከት። ቢቻል በሐምሌ ወር ዝናብ ሳለ ተመልሶ ቢጎበኝ፥ በበጋ የተሸሸገው ሁሉ ይገለጥለታል። በግቢው የውሃ ጉድጓድ ካለ፥ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ሊርቅ ይገባል።

ሦስተኛው የጋራ መገልገያው ቤት ነው። በኮንዶሚኒየም መንደሮች እንጀራ ለመጋገር፥ ልብስ ለማጠብ፥ ለእርድ፥ ለለቅሶና ለድግስ እንዲሆን የተሠራው ቤት አንዳንድ ቦታ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራይቶ ይገኛል። ኪራዩ ለማኅበሩ ጥቂት ገንዘብ ያስገባ ይሆናል። ነገር ግን በጉ በደረጃው ሥር ሲታረድ ደሙና ፈርሱ ቦዩን ይደፍናል፥ ዝንብም ይሰበስባል፤ ከሰሉም በመተላለፊያው ሲቀጣጠል ጢሱ ወደ ሕፃናቱ መኝታ ይገባል። ይህ ኪራይ በእኛ አስተያየት ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበልጣል።

«ቤት በተወደደበት ዘመን መምረጥ የሚችል ማን ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ሁሉን አማርጦ አይገዛም። ቢሆንም ጉድለቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው የእድሳቱን መዋጮ ገምቶ በዋጋው ይከራከራል፤ ከገባም በኋላ ከማን ጋር ምን መሥራት እንደሚገባው ያውቃል። ስለዚህ የማኅበሩን ገንዘብ ያዥ የመዋጮውን ሒሳብ መጠየቅ፥ የነባር ነዋሪዎችንም አሳብ መስማት ነውር ሊመስለን አይገባም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና፥ እውነቱን ከደላላው ይልቅ ከጎረቤት እንስማ።

መምህራንም የማጠራቀሚያውን ስሌት በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ፥ ልጆቹ በየቤታቸው ይጠይቃሉ፥ ወላጆችም ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። ገዢ ሁሉ ስለ ጋራው መጠየቅ ሲጀምር፥ ሻጭም ሠሪም ለጋራው ሊያስብ ግድ ይሆንበታል።