ማክቡኩ ዋጋውን አልጠበቀም፤ ብሩ ነው የወደቀው!

መቼም በዚህች ከተማ ወርቅ ያልተባለ ዕቃ የለም። በአንድ ወቅት «ቮልስ ወርቅ ነው» ይባል ነበር። ቀጥሎ ዲኤክስ ወርቅ ሆነች፤ ከዚያ ተራው የቪትዝ ሆነ። ሰው መኪና ሊገዛ ሲሄድ ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት «ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» ይላል። ይኸው ጥያቄ አሁን ደግሞ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ።

ባለፈው ቅዳሜ የታላቅ እህቴ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚያድር ብርቱ ልጅ ነው። እናቱ ዕቁብ ወጥቶላታል። የሁለት ዓመት ላቧ ነው። ልጅየው በዚያ ብር አዲስ ማክቡክ ፕሮ መግዛት አምሮታል።

«ጋሼ፣ ማክ እኮ ወርቅ ማለት ነው። ዋጋው አይወርድም። ሠርቼበት ሠርቼበት በገዛሁበት እሸጠዋለሁ፤ እንዲያውም አተርፍበታለሁ» አለኝ። እህቴ ደግሞ በስልክ «አንተ ዕድሜህን ከኮምፒዩተር ጋር ነው የፈጀኸው፤ ስጪው ካልክ ልስጠው፣ ተይ ካልክ ይቅር» ብላ ፍርዱን እኔ ላይ ጣለችው። በሰው ዕቁብ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለምና ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። ሒሳቡን ለአንባቢም ላሳይ፤ ምክንያቱም በመገናኛም ሆነ በቦሌ የላፕቶፕ ሱቆች ደላላው የሚዘምረው ይህንኑ የ«ወርቅ» መዝሙር ነው።

ከራሴ ልጀምር። ይህን የምጽፍበት ማክቡክ ኤር፣ አፕል ራሱ የሠራውን ኤም 1 ቺፕ ይዘው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 38 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 38 ሺህ ብር መሆኑ ነው /የጥቁር ገበያውንና የአምጪውን ውለታ ሳንቆጥር/።

እንበልና ከአምስት ዓመት በኋላ ግማሽ ዋጋውን ይዞ 500 ዶላር አወጣ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዶላር በባንክ 130 ብርን አልፎ ነበር። በ130 እናባዛው፤ 65 ሺህ ብር! የእህቴ ልጅ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው ጋሼ! በ38 ሺህ ገዝተው በ65 ሺህ ሸጡ ማለት ነው!»

ቆይ ልጄ፣ አልኩት። ኮምፒዩተሩን የሸጠ ሰው ነገም ሥራ አለበት፤ ሌላ መግዛቱ አይቀርም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ባለ ኤም 4 ማክቡክ ኤር መነሻ ዋጋው ያው 999 ዶላር ነበር። በ130 ሲባዛ ወደ 130 ሺህ ብር ይሆናል። እጄ ላይ ያለው 65 ሺህ ነው። የጎደለውን 65 ሺህ ከየት ላመጣ ነው? ለመሆኑ ዕቃውን ሸጦ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት የማይችል ሰው አተረፈ ይባላል?

ነገሩ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተሩ ግማሽ ዋጋውን ሲጥል፣ ብሩ በዶላር ፊት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ጥሏል። ሁለት ሰዎች ገደል ሲወርዱ፣ ቀድሞ ታች የደረሰው ቀና ብሎ ሲያይ ሌላው ሽቅብ የወጣ ይመስለዋል። የኛም «ትርፍ» ይኸው ነው።

ብሩ ደግሞ በገዛ እጁ አልወደቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዚያው ሐምሌ ወር መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናን አስጀምሮ ነበር። ወጣቱን በአንድ እጅ ወደ ኮምፒዩተር ጠሩት፤ በሌላው እጅ የኮምፒዩተሩን ዋጋ ሰቀሉበት። ኮዱን በምን ይጻፈው? በጠመኔ?

«ሱቆቹ ድሮም የሚሸጡት በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን የመምህሩና የነርሷ ደመወዝስ በየትኛው ገበያ ተመን ነው የሚከፈለው?

ይሁን፤ ብሩን ለጊዜው እንተወውና ወደ ዕቃው ወደ ራሱ እንምጣ። ማክቡክ ከገዙት በኋላም ወጪ አለው። ደላላው ግን ይህን አይነግርህም።

አንደኛ፣ ራሙና ስቶሬጁ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የገዛኸውን ይዘህ እስከ መጨረሻው ትኖራለህ። እንደ ድሮው ላፕቶፕ «ዛሬ ትንሹን ልግዛ፣ ሲሞላልኝ ራም እጨምራለሁ» የለም። በኔው ኤም 1 ላይ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ ለማሳደግ አፕል 200 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ እሱም በግዢው ዕለት ብቻ ነው። ስቶሬጁ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ችግሩ የአንድ ዲስክ ሳይሆን የቦርዱ ነው። በአምፖል ምክንያት ቤት እንደ ማፍረስ ቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። ኩባንያው ራሱ ባትሪዎቹ እስከ 1000 ጊዜ ተሞልተው 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ሆነው ተሠርተዋል ይላል። ከዚያ ወዲያ ቅያሬ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 አፕል በአሜሪካ የማክቡክ ኤር ባትሪ መቀየሪያን ወደ 159 ዶላር፣ የፕሮውን ደግሞ ወደ 249 ዶላር ከፍ አድርጎታል። ያውም መደብሩ ላለበት አገር ሰው ነው። አፕል በመላው አፍሪካ የራሱ መደብር የለውም። እኛ ዘንድ ያለው በብልሃቱ የሚኖር ጠጋኝና «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚማልለት ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛልና ልብ በሉ! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ወጣ፤ ዋጋው 999 ዶላር። ከስምንት ወር በኋላ ኤም 1 በዚያው ዋጋ ወጣ። ሁለቱም በፈረንጆቹ «የ2020 ማክቡክ ኤር» ናቸው። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። ግን በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው ታሆ የተባለው ማክ ኦ.ኤስ. ኤም 1ን ሲቀበል፣ ኢንቴሉን ኤር ደጅ አስቀርቶታል። ታሆን መጫን ለቻሉት ለጥቂቶቹ ኢንቴል ማኮችም የመጨረሻቸው እንደሆነ አፕል አስታውቋል። እንግዲህ በስምንት ወር ልዩነት አንዱ ዋጋ ያለው፣ ሌላው ወራሽ ያጣ ዕቃ ሆነ። ሱቅ ውስጥ «የ2020 ነው» ካሉህ በግራ በኩል ከላይ ያለችውን የአፕል ምልክት ተጫንና «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ክፈት። ቺፑ ኤም 1 ይላል ወይስ ኢንቴል? በዚያች አንዲት መስመር የብዙ ሺህ ብር ልዩነት አለ።

አራተኛ፣ ቁልፉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡት ማክቡኮች ከባለቤቱ አካውንት ጋር ይታሰራሉ። ባለቤቱ ካልፈታው አይከፈትም። ከውጭ ድርጅት ተሰርቆም ሆነ ሳይለቀቅ የወጣ ዕቃ ተሸጦልህ ከሆነ፣ የያዝከው ለአክንባሎነት እንኳ የማይበቃ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ በፊትህ ተደምስሶ፣ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ፣ እንደ አዲስ ሳይከፈት ብር አትቁጠር። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ እንዲያውም ከተቆጣ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። 999 ዶላር ወጣ፣ 500 ተመለሰ፣ 159 ለባትሪ ተጨመረ። የአምስት ዓመቱ ወጪ 658 ዶላር፣ በዓመት 132 ዶላር ገደማ ነው። በ130 ሲባዛ በዓመት ከ17 ሺህ ብር በላይ ይመጣል። ቻርጀር፣ ተጨማሪ ዲስክና የመብራት አደጋ ገና አልተቆጠሩም። የኮምፒዩተር ዋጋ ማለት ይህ ነው፤ የተገዛበት ብቻም አይደለም፣ የተሸጠበት ብቻም አይደለም። በመካከላቸው ያለው ልዩነትና ጥገናው ተደምሮ ለሠራበት ዓመት ሲካፈል ነው ዕውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው።

በሌላ ወገን፣ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ በ300 ዶላር ተገዝቶ ከአራት ዓመት በኋላ በ100 ቢሸጥ በዓመት 50 ዶላር ነው። «ዋጋውን ጣለ» ይባላል፤ ግን ለባለቤቱ የረከሰው እሱ ነው! ትልቅ ዋጋ መልሶ የሚያስገኝ ዕቃ በቅድሚያ ትልቅ ዋጋ የጠየቀ ዕቃ ነው። እርግጥ ይህም መዘዝ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ርካሽ ሲገዛም ዓይን ተገልጦ ነው።

ማክን ለማጣጣል የተነሳሁ እንዳይመስልብኝ። ኤም 1 ኤር ማራገቢያ /ፋን/ የለውም፣ አይጮህም፣ ኢንተርኔት ላይ እስከ 15 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ነው የወጣው። መብራት ድንገት ጥርቅም በሚልበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው አንድ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ከማስጠበቅ በአንድ ሰዓት ካለቀ፣ ዋጋውን የሚመልሰው ሥራው ነው። እኔ የምቃወመው ማክን ሳይሆን ወርቅነቱን ነው። ኮምፒዩተር በሬ ነው፤ አርሰህበት ትበላለህ። በሬ ደግሞ ያረጃል።

ልጁ ያማረው ባለ ኤም 4 ባለ 14 ኢንቹ ፕሮ ሲወጣ መነሻው 1,599 ዶላር ነበር። በ130 ከ200 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው፦ ዕቁቡን በሙሉ አትስጪው። በግማሹ 16 ጊጋ ራም ያለው፣ የተፈተሸ፣ ያገለገለ ኤም 1 ወይም ኤም 2 ኤር ይፈለግ። ከቀረው ላይ ተጨማሪ ዲስክና ስታቢላይዘር ይገዛ። የተረፈው አንቺ ጋ ይቆይ።

እህቴ ዝም ብላ ሰምታኝ ሲያበቃ «እሺ፤ የተረፈውንስ ምን ላድርገው? ባንክ ላስቀምጠው?» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ የቅዳሜው ሒሳብ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ መልስ አጣሁ። ሰዉ ቪትዝ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ማክቡክ ላይ ገንዘቡን የሚደብቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ባንክ ያስቀመጠው ብር ሲሟሟ እያየ ነው። መሥሪያ መሆን ያለበት ዕቃ መሸሸጊያ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል፤ የሚጎዳውም ሊሠራበት የሚፈልገው ምስኪን ወጣት ነው። ባለሥልጣኖቻችን የሠለጠኑትን ወጣቶች ቁጥር ሲያውጁ ይህንንም ቢነግሩን መልካም ነበር፦ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ለማጠራቀም በ2012 ዓ.ም. ስንት ወር ይፈጅበት ነበር? ዛሬስ?

መልሱን የሚያውቅ ባለሥልጣን ካለ ለእህቴ ይንገራት። ብሩን እጇ ላይ ይዛ እየጠበቀች ነው።

ቸር ይግጠመን!