ቀኝና ግራን መለየት ለኢንጂነር ምን ይጠቅመዋል?



በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ «አር» እና «ኤስ» የሚባለውን የካይራል ሞለኪውሎች አሰያየም ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን፣ ከአዳራሹ ስንወጣ እዚያው ጥለነው እንሄዳለን። «ለኢንጂነር ምን ያደርግለታል?» የሚልም አይጠፋም። እኛ በዚህ አንስማማም።

አንዳንድ ሞለኪውል እንደ ሁለቱ እጆቻችን ነው። ክፍሎቹ አንድ ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ብንደራርባቸው ግን አይገጥሙም። ታዲያ ቀኙ የትኛው ነው? የአገራችንን መንገድ እናስብ። ከሞጣ ወደ ብቸና ስንወርድ የጮቄ ተራራ በቀኛችን ነው፤ ወደ ሞጣ ስንመለስ በግራችን ይሆናል። ተራራው አልተነቃነቀም፣ የዞርነው እኛ ነን። ስለዚህ «ቀኝ» ከማለታችን በፊት ተመልካቹ ወዴት ዞሮ እንደቆመ መስማማት አለብን።

ካን፣ ኢንጎልድና ፕሬሎግ እ.ኤ.አ. በ1966 ዘርዝረው ያሳተሙት ደንብ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ከካርቦኑ ጋር ለተያያዙት አራቱ በአቶሚክ ቁጥር ደረጃ እንሰጣለን፤ እኩል ከሆኑ ወደ ቀጣዩ አቶም እናልፋለን። የመጨረሻውን ከእኛ አርቀን ወደ ኋላ እናደርገዋለን። ከዚያ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ስንሄድ በሰዓት አቅጣጫ ከዞርን አር፣ በተቃራኒው ከዞርን ኤስ ነው። በቃ።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ውሻ ነው። ኡስታዞቻችን ፊደሉ ከጉሮሮ የቱ ጋ እንደሚወጣ ሳናስተካክል አንድ አያ አያሳልፉንም ነበር፤ ያንን ትዕግሥት ላብራቶሪ በር ላይ ለምን እናራግፈዋለን?

መምህራን ብዙ ጊዜ ታሊዶማይድን ይጠቅሳሉ። ግን እሱ ሰውነት ውስጥ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ስለሚለዋወጥ ጥሩ ምሳሌ አይመስለንም። ለእኛ የሚቀርበው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ለቢልሃርዚያ የሚታደለው ትልቁ ክኒን። በውስጡ ሁለቱ መልኮች እኩል በእኩል ተደባልቀዋል። ትሉን የሚገድለው በዋናነት አሩ ነው። ኤሱ ለትሉ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያደርግም፣ ምሬቱ ግን ከአሩ ይብሳል። ልጁ እንግዲህ የክኒኑን ግማሽ የሚውጠው ለምሬቱ ነው ማለት ይቻላል። ክኒኑ ትልቅና መራራ በመሆኑ ደግሞ ትምህርት ቤት ያልደረሱ ሕፃናት ለዓመታት ከእደላው ውጭ ቀርተዋል። አሩን ብቻ የያዘው የሕፃናት መድኃኒት፣ አርፕራዚኳንቴል፣ ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ድጋፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ፕራዚኳንቴል ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው!

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አንዱ ምክንያት አንዱን እጅ ብቻ በርካሽ ማምረት ከባድ መሆኑ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ይቀላል፤ መለየት ግን ተጨማሪ ሂደትና ወጪ ይጠይቃል። ይህ ደግሞ የኬሚካል ኢንጂነር ሥራ ነው። «ምን ያደርግለታል?» ላሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። የጀማዓችን የጥናት ፕሮግራም ለአዲስ ገቢዎች ይህን ትምህርት ከመግሪብ በኋላ በአማርኛ ይስጥ፤ ሠሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ ነገር። አንድ ድንች፣ አራት ስንጥርና አራት ቀለም ይበቃል። ሁለት አበጅተን በመስታወት ፊት እናስቀምጣቸው፣ እያዟዟርን ስም እናውጣላቸው። ድንቹን የሚያመጣ ወንድም ወይም እህት ካለ ኢንሻአላህ በዚህ ሳምንት እንጀምራለን።